ከተማ መግባትና በከተማ መኖር፦ ከሳሪስ አቦ ወደ ውጭ አገር ስለሚደረግ የሥራ ጉዞ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪዋ የታረመ)



በዚህ መድረክ እንድናገር ስጋበዝ አዘጋጆቹ ያቀረቡልኝ ርእስ «ፍልሰትና ልማት» የሚል ነበር። በአክብሮት መለስሁት። ስለ ፍልሰትና ልማት የሚናገር ሰው አላጣንም፤ ከውጭ የሚላከውን ገንዘብ ከእኔ አብልጦ የሚያሰላም ሞልቷል። ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ከዚያ ያነሰ የሚመስል ጥያቄ ነው። ሰው ለአዲስ ሥራ ወደማያውቀው አገር ሲሄድ፣ የሚያርፍበት ከተማ ነዋሪ የሚሆነው መቼ ነው? አውሮፕላኑ ሲያርፍ ነው? የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ነው? ወይስ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አለ?

ጥያቄውን ከሰፈሬ ልጀምር። ተወልጄ ያደግሁት ሳሪስ አቦ ነው። አካባቢውን ለማታውቁት፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ከሳሪስ አልፎ ወደ ቃሊቲ ሳይደርስ ያለ፣ ስሙንም ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን የወሰደ ሰፈር ነው። ዛሬ ቀላል ባቡሩ በዚያ ያልፋል። በልጅነቴ የነበረው የፋብሪካ ሰርቪስ፣ የጭነት መኪናና የአቧራ መንገድ ነበር። ከአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ እስከ ቃሊቲ ምግብ ድረስ በተዘረጋው የፋብሪካ መስመር ሥራ ፍለጋ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ሰው ይኖርበት ስለነበር፣ የሰፈሩ አዋቂ ሁሉ ማለት ይቻላል የሌላ አገር ተወላጅ ነው። የከተማው ተወላጆች እኛ ልጆቹ ብቻ ነበርን።

አባቴ ከቡልጋ የመጣው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ ያረፈው በአንድ ዘመዱ ቤት መደብ ላይ ነበር፤ ከዚያ የቀን ሥራ፣ ከዚያ ፋብሪካ፣ ከዚያ በሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል። እንዴት ከተሜ እንደሆነ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «አዲስ አበባ የገባሁት በእግሬ ነው፤ አዲስ አበባ የኖርሁት ግን ዕድር ከገባሁ በኋላ ነው።» ልጅ ሳለሁ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ስለ ከተማ ኑሮ ካነበብኋቸው ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ጉዳዩን በትክክል የገለጸው እርሱ ነው። ለአባቴ ከተማ ማለት ሥራው አልነበረም። ሥራ ባለበት ቦታ ሁሉ ሰው አለ፤ ነገር ግን ቢሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ቢታመም ስሙን የሚጠራ፣ በወሩ አምስተኛ ቀን አቦን ሲሳለም የሚያገኘው ሰው ከሌለው ያ ቦታ ለእርሱ የሥራ ቦታ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ውጭ አገር ልውጣ። በ1990 ዓ.ም. ከእኛ ግቢ ሁለት ሴቶች በወራት ልዩነት ከቦሌ ተነሣን። አንደኛዋ እኔ ነበርሁ፤ ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ፣ ለዶክትሬት ጥናት በምርምር ሥራ ተቀጥሬ። ሁለተኛዋ ግድግዳ የምንጋራት የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ ስሟን አልጠራም። ማትሪክ አልመጣላትም፤ በአንድ ደላላ በኩል ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤሩት ሄደች። እናቶቻችን የሸኙን በአንድ ዓይነት ዳቦና በአንድ ዓይነት ለቅሶ ነው። ሁለታችንም አዲስ ሥራ፣ አዲስ አገር፣ አዲስ ቋንቋ ይጠብቀን ነበር። በሁለታችንም እጅ የሥራ ውል ነበረ።

በርገን ስደርስ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለኝና የክፍሌን ቁልፍ ሰጠኝ። ከቁልፉ ጋር የከተማ ካርታና የአውቶቡስ መርሐ ግብር ነበረ። በመጀመሪያው እሑድ ብቻዬን ወጣሁ፤ በዚያች ዝናብ በማያባራባት ከተማ ጃንጥላ እንኳ አልያዝሁም። ወደ ዓሣ ገበያው ለመድረስ አስቤ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርሁ፤ ጠፋሁ። መንገድ ጠየቅሁ፣ አልተግባባንም፣ ሌላ ሰው ጠየቅሁ፣ በመጨረሻ በእግሬ ተመለስሁ። ያን ቀን እስከ አጥንቴ ረጥቤ ወደ ክፍሌ ስገባ ግን ሦስት አውቶቡሶች፣ ሁለት ድልድዮችና አንድ ሻይ ቤት አውቅ ነበር። አንድን ከተማ ለማወቅ በውስጡ ደጋግሞ ከመጥፋት ሌላ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።

«ጠፋሁ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ።

ጎረቤቴ በመጀመሪያው ውሏ ሦስት ዓመት ሠርታ ለዕረፍት ስትመጣ እኔም ለእረፍት መጥቼ ነበርና በእናቷ ቤት ተገናኘን። ቡና እየተፈላ ስለ ቤሩት ጠየቅኋት። ነገረችኝ፤ ሁሉም ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ የሚታይ ነበር። ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ ነዋሪዎች አንድ በአንድ ታውቃለች። ዳቦና አትክልት ሻጩ ከታች ሲጣራ ከየበረንዳው ቅርጫት በገመድ ይወርዳል፤ ገንዘብ ይዞ ወርዶ ዕቃ ይዞ ይወጣል። እርሷም የቤቱን ቅርጫት የምታወርድ ነበረች። ባሕሩንስ አየሽው ብዬ ጠየቅኋት፤ ቤሩት እኮ የባሕር ዳር ከተማ ናት። «በመኪና ስናልፍ አይቼዋለሁ፤ ልጆቹን ይዤ ከኋላ ተቀምጬ» አለችኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ብቻዋን ከሕንፃው አልወጣችም። ቅርጫቱ በየቀኑ መንገድ ሲደርስ እርሷ አልደረሰችም።

የክፉ አሠሪዎችን ታሪክ ልነግራችሁ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ያ ታሪክ አለ፤ በበቂም ተነግሯል። የጎረቤቴ ማዳም እርሷ ራሷ እንደምትለው ደግ ሴት ነበሩ፤ ደመወዟን አላስቀሩባትም፣ አልመቷትም። በሩን የሚቆልፉት ግን «አንድ ነገር ብትሆኚ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» እያሉ ነበር። ይህ ሰበብ ብቻ አይደለም። በመካከለኛው ምሥራቅ ከፋላ የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ስም ጋር ያስራል። አሠሪው ዋስ ነው፤ የሚጠብቀውም እንደ ዋስ ነው። ፓስፖርቱን የሚያስቀምጠው እርሱ ነው፤ ከቤቱ ወጥታ ባትመለስ ሕገ ወጥ የምትሆነው እርሷ ናት። በእኛ ሰዎች ቋንቋ ለዚህ አንድ ቃል ብቻ አለ፦ «ጠፋች»።

ያንኑ ቃል በርገን ላይ ስለ ራሴ ተናግሬዋለሁ፤ በእኔ ላይ መማር ነበር። በእርሷ ላይ ወንጀል ነው።

በሁለተኛው ውሏ ጎረቤቴ ጠፋች። ከሌሎች አራት ኢትዮጵያውያት ጋር በቡርጅ ሐሙድ አንድ ክፍል ተከራይታ በሰዓት እየተከፈላት ቤት ማጽዳት ጀመረች። (በነገራችን ላይ ቡርጅ ሐሙድን እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ከደረሰባቸው እልቂት የተረፉ አርመኖች የመሠረቱት ሰፈር ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» ከዚያው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ፤ ለሥራ፣ ለነሐስ ሙዚቃ ጓድነት መጥተው በአዲስ አበባ ተቀመጡ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ድረስ ያገለገለውን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ ደረሱ። አንድ ሕዝብ ለእኛ እንግዳ ሆኖ መጣ፤ ቆይቶ የእኛ ልጆች በእርሱ ሰፈር እንግዶች ሆኑ። ይህ ለሌላ ቀን የሚሆን ርእስ ነው።)

ከዚያ በኋላ ከቤሩት የሚደርሱኝ ደብዳቤዎችና ኋላም ስልኮች ሌላ ሰው የምትናገራቸው ይመስሉ ነበር። የትኛው ሚኒባስ ከዶራ አደባባይ ወዴት እንደሚሄድ፣ በርበሬና ጤፍ የት እንደሚገኝ፣ በየትኛው ሱቅ ዋጋ እንደሚቀነስ ታውቃለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አላት። ዕቁብ ገብታለች፤ ሰብሳቢዋም እርሷ ናት። አንዲት ኢትዮጵያዊት ስትሞት አስከሬኗን ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ ያዋጡትን ሴቶች ስም ዝርዝር የያዘችውም እርሷ ናት። እንግዲህ አባቴ ቢሰማ ኖሮ «አሁን ቤሩት ኖረች» ይል ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሆነው የመኖሪያ ፈቃዷ ከወደቀ በኋላ ነው። ወረቀት በነበራት ጊዜ ከተማ አልነበራትም። ከተማ ባገኘች ጊዜ ወረቀት አጣች፤ ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች፣ እናቷ ስትሞት መምጣት አልቻለችም።

የዛሬው ንግግሬ ማዕከል ይህ ነው። በሕጋዊ መንገድ የሄደች ሴት በከተማው እንዳትኖር፣ በከተማው የምትኖረውም ሕጋዊ እንዳትሆን የሚያደርግ ሥርዓት አለ። ስለ ሕጋዊና ሕገ ወጥ ስደት ስናወራ መልካሙ በአንድ ወገን፣ ክፉው በሌላ ወገን እንደተሰለፈ አድርገን እናስተምራለን። እዚያ ያሉት ሴቶች የሚያውቁት ልዩነት ከዚህ የተለየ ነው።

ሕጉ ይህን ጨርሶ አላየውም ማለት አይቻልም። የዓለም ሥራ ድርጅት በሰኔ 2003 ዓ.ም. ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ዘጠነኛው አንቀጽ ነው፦ ሠራተኛዋ በዕረፍት ጊዜዋ በቤቱ ውስጥ እንድትቆይ አትገደድም፤ የጉዞና የመታወቂያ ሰነዶቿንም ራሷ ትይዛለች። ይህን አንቀጽ የጻፉት ሰዎች፣ ዕረፍት ማለት መተኛት ብቻ እንዳልሆነ፣ ደጁን ተሻግሮ መሄድም እንደሆነ ተረድተዋል። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ኳታር ደግሞ በ2017 የቤት ሠራተኞችን የሚመለከቱ ሕጎች አውጥተው የሳምንት ዕረፍትን ጽፈዋል። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ ግን በሰባተኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከነአካቴው አስወጥቷቸዋል። የተጻፈው ዕረፍት በተግባር ስንት በር ይከፍታል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዓርብ ዕለት ወጥቶ የሚኬድበት ቦታ፣ የሚሳፈሩበት ገንዘብና የሚጠብቅ ጓደኛ ከሌለ የዕረፍት ቀን በተመሳሳይ ክፍል ውስጥ ያልቃል።

የእኛስ መንግሥት? በአጭሩ ልለፈው፤ የሕግ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼ ከእኔ የተሻለ ያስረዱበታል። አዋጅ ቁጥር 632/2001 ነበረ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞው ታገደ፤ በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በወራት ውስጥ መለሰች። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፤ ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅን፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫንና የቅድመ ጉዞ ሥልጠናን ጠየቀ፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። ሥልጠናው መኖሩ መልካም ነው። ይሁንና ከሰፈሬ ልጆች ወስደው የተመለሱት ሲነግሩኝ የሚያስታውሱት ካውያውን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን፣ የሕፃን አያያዙንና ጥቂት የዓረብኛ ቃላትን ነው። ቤት ተምረዋል። ስለ ከተማው ያስተማራቸው የለም፤ አውቶቡስ እንዴት እንደሚሳፈሩ፣ ቆንስላው የት እንደሆነ፣ በውሉ ላይ የዕረፍት ቀን የሚለው መስመር የትኛው እንደሆነ፣ ያን ቀን እንዴት እንደሚጠይቁ አላስታወሱም።

እስካሁን ስለ ሌሎች አገሮች ተናገርሁ። አሁን ወደማልወደው ክፍል እገባለሁ።

ከኖርዌይ ተመልሼ፣ አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ እዚያው ሳሪስ አቦ ቤት ሠርተን ስንኖር አንዲት ልጅ ከደቡብ ጎንደር መጥታ ቤታችን ተቀጠረች። አራት ዓመት አብራን ኖረች። የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጎን ባለች ክፍል ነበር። ልጆቼ ይወዷታል፣ እኔም እወዳታለሁ፤ «እንደ ልጃችን ናት» እንል ነበር። በወር አንድ ጊዜ፣ አቦ በሚውልበት በአምስተኛው ቀን፣ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስማ ትመለሳለች። ከዚያ ውጭ ለገበያና ልጆቹን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ካልሆነ ከግቢው አትወጣም። ቁልፍ አልነበራትም። ለምን ቁልፍ እንዳልሰጠኋት አሁን ብትጠይቁኝ፣ በቤሩት ያሉት ማዳም የተናገሩትን ቃል ነው የምደግመው፦ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ እኔ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለ ከተማ ኑሮ ኮርስ አስተምር ነበር።

ከዚያ ኩዌት ሄደች። ከወራት በኋላ ስልክ ደወለች፤ ደስ ብሎኝ «እንዴት ነው አገሩ? ለመድሽው?» አልኋት። «እትዬ፣ ቤቱ ሰፊ ነው እንጂ ሌላው እርስዎ ቤት ያለሁ ያህል ነው» አለችኝ። ምስጋና መስሎኝ ለባለቤቴ በደስታ ነገርሁት። ትርጉሙ የገባኝ ምሽት ላይ፣ ዕቃ ሳጥብ ነው።

የአገራችንን ሕግ ብትመለከቱም ልጅቷ የተናገረችው ልክ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ መኖሪያውን፣ ምግቡን፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜውን በሚመለከት አሠሪው ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል፤ ቀን ግን አይቆጥርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሳምንት ዕረፍትን በዝርዝር ይደነግጋል፤ በሰው ቤት የሚሰጠውን የግል አገልግሎት ግን ከአጠቃላይ ድንጋጌዎቹ ውጭ አድርጎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። እንግዲህ ከገጠር አዲስ አበባ የመጣችው ልጅ አዲስ አበባን ሳትኖርባት ወደ ኩዌት ትሄዳለች። የዕረፍት ቀን የሚባለውን ነገር በእኛ ቤት አላየችውም፤ በማታውቀው ቋንቋ፣ በማታውቀው አገር፣ ያላየችውን መብት እንድትጠይቅ እንጠብቃለን። የቅድመ ጉዞ ሥልጠናውን በእኛ ወጥ ቤት ውስጥ ጨርሳዋለች፤ አሠልጣኟም እኔ ነበርሁ።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ የሚያነሡትን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ሴሚስተር በክፍል ውስጥ ተነሥቷል። «ልጅቷን ከአደጋ መጠበቅ ኃላፊነት አይደለም ወይ? ወላጆቿ አደራ ብለው አይደለም የሰጡሽ?» የሚል ነው። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ሳሪስ አቦ አካባቢ ማታ መንገዱ ለወጣት ሴት አስጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ለገዛ ልጄ ይህ ስጋት ሲመጣ ያደረግሁት መንገዱን ማስተማር ነው፤ ታክሲውን አሳየኋት፣ የምትደውልበትን ስልክ ሰጠኋት፣ የመመለሻ ሰዓት ቆረጥሁላት። ለሠራተኛዬ ግን በር ዘጋሁ። ልዩነቱ ከአደራ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናለሁ። ከስደት ተመላሾችን ስትጠይቁ ስንት ተከፈለሽ፣ ስንት ላክሽ፣ ተበደልሽ ወይ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ «ብቻሽን የት ትሄጂ ነበር?» የሚለውን ጨምሩ። መልሱን በካርታ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ከመሄዷ በፊት ስለሠራችበት የአዲስ አበባ ቤት ጠይቋት፤ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ጎረቤቴ ምን እንደደረሰች ሳልነግራችሁ አልወርድም። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ አሠሪዎች መክፈል አቃታቸው፤ ክረምቱ ሲገባ አንዳንዶቹ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያወረዱ እንደሄዱ በዜና አይታችኋል። እርሷ ለእነዚያ ሴቶች ምግብ ከሚያመላልሱት አንዷ ነበረች። ሐምሌ 28 ቀን ወደቡ ሲፈነዳ የተከራየችው ክፍል መስኮት ረገፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ከ22 ዓመት በኋላ፣ ወደ ሳሪስ አቦ ተመለሰች። እናቷ የሉም፤ ቤቱን ወንድሟ ይዞታል፤ እርሷ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በታች አንዲት ክፍል ተከራይታ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። መንገዱ ተለውጦባታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከቀላል ባቡር ወርዳ የገዛ ሰፈሯ ጠፍቷት እንደነበር እየሳቀች ነግራኛለች።

ከዚያ ዕድር ለመግባት አመለከተች። አባቴና አባቷ አብረው ከመሠረቱት ዕድር ማለት ነው። ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ የአባቷን ስም አገኘ፤ የእርሷን አላገኘም። ደንቡ ለአዲስ ገቢ የመግቢያ ክፍያ ይጠይቃል፤ የተወለደችበት ሰፈር ስለሆነ ይማርላት ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። እርሷ እንቢ አለች። ሙሉውን ከፈለችና ደረሰኝ ጠየቀች፤ ደረሰኙን በሱቋ ግድግዳ ላይ፣ ከንግድ ፈቃዷ አጠገብ ለጥፋዋለች።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።